አዲስ ቤተ ክርስቲያን ልትተክሉ ነው? የኛን ስህተት አትድገሙ

ደሴ ዳር ባለች አንዲት ሰፈር የቤተ ክርስቲያን አሠሪ ኮሚቴ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራው አልቋል፣ ጭቅጭቁም አልቋል። አሁን ረጋ ብዬ ሳስበው ያጠፋነው ብዙ ነው።

ከፈቃድ በፊት ብር መሰብሰብ። እኛ አንድ እሑድ ጽዋ ላይ ተነሣሥተን በሳምንቱ ሲሚንቶ ገዛን። ወረዳ ቤተ ክህነት ስንሄድ «ማን ፈቀደላችሁ?» ተባልን። እውነታቸውን ነው። ሀገረ ስብከቱ ሳያውቅ ቤተ ክርስቲያን አይተከልም፤ ታቦቱንም በሜሮን የሚያከብረው ጳጳስ እንጂ ኮሚቴ አይደለም። ደብዳቤው እስኪመጣ ክረምቱ ገባና ሲሚንቶው ላስቲክ ሥር እንደተከመረ ድንጋይ ሆነ።

«መሬት ተሰጠን» ብሎ ቶሎ እልል ማለትም አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሰጪው ያለው የመጠቀም መብት ነው። በቃል የተሰጠ ነገር ነገ ከልጆቹ ጋር ያጣላችኋል፣ ስለዚህ ወረቀቱን ጨርሱ። ቦታውንም በክረምት እዩት። ደሴን የሚያውቅ ያውቃል፣ ተዳፋቱ ዝናብ ሲጠግብ ይንሸራተታል።

ከሁሉ የከፋው ግን ስለ ቆርቆሮና ስለ ጉልላት ስናወራ ከርመን ማን እንደሚቀድስ አለመጠየቃችን ነው። ለቅዳሴ ቢያንስ 2 ቀሳውስትና 3 ዲያቆናት ያስፈልጋሉ። እኛ መቃኞው (ዋናው ሕንፃ እስኪሠራ የሚቀደስበት ጊዜያዊ ቤት) ተሠርቶ፣ ድምፅ ማጉያ ሳይቀር ተገዝቶ፣ ቅዳሜ ማታ ስልክ ይዘን ዲያቆን ፍለጋ እንዞር ነበር። ያሉን ዲያቆናት ተማሪዎች ናቸው፤ ፈተና ሲደርስ ይጠፋሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ሲመደቡ ደግሞ ጭራሽ ይሄዳሉ። ቄሱም ልጆች አሏቸው፣ የቤት ኪራይ ይከፍላሉ። «በረከት ያገኙበታል» እያልን ሦስት ወር ሙሉ ደመወዝ ሳንከፍላቸው ቀረን፤ ሌላ ደብር ሲገቡ ደግሞ እኛው አማናቸው! ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ጧፉ፣ ዕጣኑ፣ ዘቢቡ፣ የመሥዋዕቱ ስንዴ በየጊዜው ብር ይፈልጋል። የአንድ ዓመቱን ወጪ ቁጭ ብላችሁ ሳታሰሉ ስለ ጉልላት አታውሩ።

ገንዘቡን በአንድ ሰው ስም ባንክ ማስገባት? በጭራሽ። ሰውየው ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰው ነውና ይሞታል፣ ያኔ ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ነው የምትገናኙት። በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ሂሳብ ክፈቱ፣ ፈራሚው ሁለት ሦስት ሰው ይሁን፣ ለሰጠ ሁሉ ደረሰኝ ቁረጡ።

ቅርብ ያለውን ደብር አትርሱት። እኛ ሚካኤል ይሁንልን ብለን ቋመጥን፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ግን ሚካኤል አለ። ኅዳር 12 ሕዝቡን ለሁለት ልንከፍለው ነበር እኮ! ደግነቱ አባቶች ከለከሉን። አሁን ታቦታችን የማርያም ነው፣ በ12 እኛም እነሱ ጋ እንሄዳለን።

የመጨረሻው የወሎ ልጅ ሊሳሳተው የማይገባው ነው፣ እኛ ግን ተሳሳትነው። ቅሬያችን (እድራችን) የክርስቲያንም የሙስሊምም ነው፤ አብረን እንቀብራለን፣ አብረን እናስተዛዝናለን። መዋጮ ስንጠይቅ ግን ክርስቲያኑን ቤት ብቻ እየመረጥን አንኳኳን። «ሙስሊሙን ማስቸገር ይሆናል» ብለን ነው፣ ክፋት አልነበረንም። አንድ ቀን የሰፈራችን ሐጂ መንገድ ላይ አስቆሙኝ።

«አንተ ልጅ፣ መስጊዳችን ሲሠራ አባትህ ድንጋይ አልተሸከመም?»

«ተሸክሟል፣ አባባ።»

«ታዲያ የኔ አህዮች ምን በደሉህ?»

ምን ብዬ ልመልስ። በማግስቱ ከነጋ ጀምሮ አራት አህዮች ከወንዝ ውኃ ሲያመላልሱ ዋሉ። የመቃኞው ጭቃ የተቦካው በዚያ ውኃ ነው።