ከጭቃ ግድግዳ ላይ የሚረግፍ የማድ ቤት ሴራሚክ (ደብረ ማርቆስ)

ከዕቃ ማጠቢያው ጀርባ የተለጠፈው ሴራሚክ ክረምቱ ሳይወጣ ከነልስኑ ተገንጥሎ ወደቀ። ጥፋቱ የሴራሚኩ አይደለም፤ ጭቃና ጭድ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የሲሚንቶ ልስኑ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም።

የላላው ልስን እስከ ጭቃው ተራገፈ። የሽቦ መረብ ተወጥሮ በየ15 ሳንቲሜትሩ በምስማር ተመታ። ምስማሩ የሚያርፈው ማገሩ ወይም ቋሚው ባሕር ዛፍ ላይ ነው፤ ጭቃው ላይ ከሆነ ከንቱ ድካም። እንጨቱ ካልታየ ቀጭን ምስማር እየወጉ መፈለግ ነው።

ከዚያ 1 እጅ ሲሚንቶ በ3 እጅ አሸዋ በቀጭኑ ተረጨ፤ በማግስቱ በ1 ለ4 ተለሰነ። ለ7 ቀን ጠዋትና ማታ ውኃ አርከፈከፉበት (ብዙ ግንበኛ የሚዘለው ይህንኑ ነው)። ሴራሚኩ ከዚያ በኋላ ተለጠፈ።

የማጠቢያው ቧንቧ መጋጠሚያም ያንጠባጥብ ነበር፤ በቴፍሎን (ውኃ እንዳያፈስ በሚጠቀለል ቀጭን ጥብጣብ) ተጠቅልሎ ጠበቀ።