ሸክላ ወደ ኮምፒውተር ሲቀዳ በድምፅ መጠን ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ባሕር ዳር ውስጥ ወደ እኔ የሚመጡት የዘፈን ሸክላዎች አብዛኞቹ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ ናቸው። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የሸክላ አሳታሚውን አምሃ ሪከርድስን ካቋቋመ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት እንዲህ ያሉ ሸክላዎች በብዛት ወጥተዋል፤ ዛሬ በየቤቱ የተረፉትም ብዙ የተጫወቱና የተቧጨሩ ናቸው። የወላጆቻቸውን ሸክላ ራሳቸው ወደ ኮምፒውተር የሚቀዱ ወጣቶች እየበዙ መምጣታቸው ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ቅጂውን አምጥተው «ድምፁ ለምን ሻከረ?» ሲሉኝ የማገኘው ምክንያት ብዙውን ጊዜ የሸክላው እርጅና ሳይሆን ድምፁ ከልክ በላይ ሆኖ መግባቱ ነው።

የስህተቶች ሁሉ አውራ፣ ድምፅ ጎልቶ ካልተቀዳ ጥራት አይኖረውም ብሎ ማመን ነው። ይህ እምነት ከካሴት ዘመን የተወረሰ ሲሆን በዚያን ጊዜ ምክንያት ነበረው፤ ካሴት የራሱ የሆነ «ሽ» የሚል ድምፅ ስላለው ዘፈኑን ከዚያ በላይ ከፍ ማድረግ ያስፈልግ ነበር፣ መጠኑ ትንሽ ቢያልፍም ቴፑ የሚጨናነቀው ቀስ በቀስ ነበር። ኮምፒውተር ግን ሲቀዳ ከዜሮ ዴሲቤል በላይ የሚመዘግብበት ቁጥር ስለሌለው ከዚያ ያለፈው ሞገድ አናቱ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ይሆናል። የተቆረጠውን እንጠግናለን የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ የሚሞሉት ግን በግምት ነው። በሌላ በኩል በ24 ቢት የሚቀዳ ድምፅ በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል በስሌት እስከ 144 ዴሲቤል የሚደርስ ስፋት ሲኖረው፣ በጥሩ ሁኔታ ላይ የሚገኝ ሸክላ የሚይዘው ግን 70 ዴሲቤል ገደማ ነው። ስለዚህ የዘፈኑ ከፍተኛ ድምፅ ከዜሮ በታች ከ6 እስከ 10 ዴሲቤል ላይ ቢያርፍ አንዳች የሚጠፋ ነገር የለም። ይህን ደጋግሜ ብናገርም ድምፅ ከልክ ማለፉን የሚያሳየው ቀዩ መብራት ካልበራ የተቀዳ የማይመስላቸው ሰዎች ዛሬም ይመጣሉ።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት ስውር በመሆኑ ጠንቃቃውንም ሰው ያታልላል። አንድ ወጣት ከሽምብጥ ሰፈር ቅጂውን ይዞ መጥቶ፣ የኮምፒውተሩ ሜትር (የድምፅ መጠን ማሳያው) ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤልን አልፎ እንደማያውቅ በእርግጠኝነት ነገረኝ፤ እውነቱንም ነበር። ሳክስፎኑ ግን እንደ ተቀደደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ነገሩ ሲጣራ ሸክላ ማጫወቻውን ያገናኘው በሚክሰር (በድምፅ ማደባለቂያ) በኩል ሲሆን፣ ድምፁ ገና ሚክሰሩ ላይ ሳለ ተጨናንቆ ኖሯል፤ እሱም በኮምፒውተሩ ላይ የቀነሰው አስቀድሞ የተበላሸውን ድምፅ ነው። ሞገዱ ተስፋፍቶ ሲታይ አናቱ ከዜሮ በታች ሆኖም ጠፍጣፋ ከሆነ ጥፋቱ ከኮምፒውተሩ በፊት ስለሆነ፣ ማስተካከያው ከሸክላ ማጫወቻው ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ ኮምፒውተሩ መምጣት አለበት።

ሸክላ ማጫወቻን በላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ ላይ መሰካት ፈጽሞ የማይገባ ነው። ከመርፌው የሚወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለሆነና ሸክላ ሲቀረጽ ቀጭኑ ድምፅ ጎልቶ ወፍራሙ ቀንሶ ስለሚቀረጽ፣ ይህን የሚያስተካክል የፎኖ ማጉያ የግድ ያስፈልጋል። የማይክ ቀዳዳ ይህን አያደርግም፤ ብዙ ጊዜም ሞኖ ነው፣ ማለትም ግራና ቀኝን አይለይም። የዚህ ተቃራኒም ያጋጥማል፦ ማጫወቻው በውስጡ የፎኖ ማጉያ እያለው በአምፕሊፋየሩ የፎኖ ቀዳዳ ላይ ሲሰካ ድምፁ ሁለት ጊዜ ይጎላና ይታፈናል። ኮምፒውተሩ ለማይክ ብሎ በራሱ ድምፅ የሚያስተካክልበት ምርጫም መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ ዘፋኙ ዝቅ ባለ ቁጥር የሸክላው ኩሽኩሽታ ከፍ ይላል።

መጠኑን በዘፈኑ መግቢያ ላይ ለክቶ መቅዳት መጀመር የችኩል ሰው ሥራ ነው። ነፋስ መሣሪያዎቹና ዘፋኙ አንድ ላይ የሚገቡበት ቦታ ተፈልጎ በዚያ ይለካ፤ ከዚያ በኋላ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ መቆጣጠሪያው አይነካ።

አቧራ ሜትርን ያሳስታል። ዘፈኑ ዝቅ ብሎ ሳለ አንዲት «ቷ» የምትል ድምፅ ብቻዋን ዜሮ ስትነካ የሚደነግጡና መጠኑን ያለ ምክንያት የሚቀንሱ አሉ። ጣና ዳር በክረምት እርጥበቱ፣ በበጋ ደግሞ አቧራው ስለማይቀር ሸክላውን አስቀድሞ ማጽዳት ይገባል። የቀሩት ብቅ ብቅ የሚሉ ድምፆችም ቅጂው ኖርማላይዝ ከመደረጉ (ፕሮግራሙ ከፍተኛውን ነጥብ ለክቶ ሁሉንም አንድ ላይ ከፍ ከማድረጉ) በፊት ይወገዱ፤ አለበለዚያ ፕሮግራሙ የሚለካው ዘፈኑን ሳይሆን እነሱን ይሆናል።

ሞኖ በሆነ ሸክላ ላይ የግራና የቀኝ ሜትሮች ጎን ለጎን እኩል መሄድ አለባቸው። ካልሄዱ፣ በፕሮግራም ለማመጣጠን ከመሞከር በፊት መርፌውና ሽቦው ይታዩ።

ያለማቋረጥ የሚያጓራ ድምፅ ካለ የማጫወቻው የመሬት ሽቦ ከማጉያው ጋር መታሰሩን ማየትና ላፕቶፑን ከቻርጀር ነቅሎ በባትሪ መቅዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ባትሪው መብራት ሲጠፋም የተጀመረውን ቅጂ ያተርፋል።

ዋናው ቅጂ ከድምፁ ምንም በማይቀንሱት የፋይል ዓይነቶች፣ በዋቭ ወይም በፍላክ፣ መጠኑ ሳይነካ ይቀመጥ። ለሠርግ ወይም በቴሌግራም ለመላክ ጎላ ያለ ድምፅ ከተፈለገ ከእሱ ሌላ ቅጂ አውጥቶ ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ወደ ኤምፒ3 ሲቀየር ከፍተኛው ነጥብ ከዋናው ጥቂት ሊያልፍ ስለሚችል ቢያንስ 1 ዴሲቤል ክፍት ቦታ ይተውለት።