አልጠፋ ያለ ብጉር፦ ከሆርሞን መሆኑን እንዴት እንለያለን?

የአክስቴ ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቷን ስታሽ ኖረች። ሎሚ ቀባች፣ የጥርስ ሳሙና ቀባች፣ ጓደኛዋ ያመጣችላትን ክሬም ቀባች። ብጉሩ ግን ከአገጯ አልነቀል አለ። ሲዳሰስ ከቆዳው ስር ሽንብራ የሚያህል ጠጣር ነገር አለ። አፍ አያወጣም፣ አይፈርጥም፣ ግን ያማል። በመጨረሻ የሄደችባት የቆዳ ሐኪም ስለ ሳሙናዋ አልጠየቀቻትም። "የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?" አለቻት። አራት ወር አልፎት ነበር።

አንቺም እንዲህ ፊትሽን እየቀጣሽ ከሆነ መጀመሪያ መስታወት ፊት ቁሚና ቦታውን እይ። ግንባር ላይ፣ ፀጉር የሚጀምርበት ጋ የሚወጣ ጥቃቅን ብጉር ብዙ ጊዜ ከፀጉር ቅባት ነው። ቅቤ ተቀብተሽ ስትተኚ ወደ ፊትሽ ይወርዳል። አገጭ፣ መንጋጋ ዳርና አንገት ላይ እየተመላለሰ ከውስጥ የሚያብጥ ከሆነ ግን ሆርሞንን ጠርጥሪ። በተለይ ፔሬድ ሊመጣ ሲል የሚብስ ከሆነ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። የሴት ሰውነትም እንደ ቴስቶስትሮን ያሉ አንድሮጅን የሚባሉ ሆርሞኖች አሉት። መጠናቸው ሲጨምር፣ ወይም ቆዳው ለእነሱ በቀላሉ የሚቆጣ ሲሆን፣ የቅባት እጢዎች ከልክ በላይ ያመነጫሉ። ቅባቱ ከሞተ ቆዳ ጋር ተደባልቆ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ያብጣል። ከላይ ማሸት እዚያ አይደርስም። ቆዳውን ያቆስላል እንጂ፤ በእኛ ቆዳ ላይ ደግሞ ቁስሉ ሲድን ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል።

ቀጥሎ ትንሽ ደብተር ያዢ። ፔሬድሽ የመጣበትን ቀንና ብጉሩ የባሰበትን ቀን ለሦስት ወር ጻፊ። በሁለት ፔሬድ መካከል በተደጋጋሚ ከ35 ቀን በላይ ካለፈ ቁም ነገር ነው። አገጭሽ ላይ ወፍራም ፀጉር በቅሎ እንደሆነም ጻፊ። ማጅራትሽና ብብትሽ ጠቁሮና ወፍሮ እንደ ቬልቬት ከሆነስ? ብዙ ሴት እድፍ መስሏት ትፈገፍገዋለች። እድፍ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሰውነት የደም ስኳርን ለሚቆጣጠረው ሆርሞን፣ ለኢንሱሊን፣ በደንብ አለመታዘዙን ያሳያል። ያኔ ሰውነት ኢንሱሊን ያበዛል። ኢንሱሊን ሲበዛ ደግሞ እንቁልጢን (የሴት እንቁላል የሚዘጋጅባትን እጢ) ተጨማሪ ቴስቶስትሮን እንድታመርት ይገፋፋታል። እነዚህ ነገሮች አንድ ላይ ሲታዩ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚያስቡት ፒሲኦኤስን ነው፤ አንድሮጅን የሚበዛበትና ፔሬድ የሚዛባበት የሆርሞን ችግር ነው።

የምትወስጂውንም መድኃኒት ጻፊ። የሦስት ወሩ መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ አንዳንድ ሴቶች ላይ ብጉር ያብሳሉ። በራስሽ አታቋርጪ፤ ሌላ አማራጭ ጠይቂ። ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቅ የማቅያ ክሬም ግን ጣይው ባይ ነኝ። ብዙዎቹ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ስቴሮይድ ራሱ ብጉር ያወጣል። ለረጅም ጊዜ ተቀብተሽው ከሆነ ስታቆሚ ፊትሽ ሊቆጣ ስለሚችል ሐኪም ይከታተልሽ። ጡንቻ ለማውጣት የሆርሞን መርፌ የሚወጉ ወንዶችም ብጉራቸው ከዚያው ሊሆን ይችላል።

አሁን ደብተሩን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ። ፔሬድ ከቀረ መጀመሪያ የእርግዝና ምርመራ ይደረጋል። ከዚያ ቴስቶስትሮን፣ ፕሮላክቲን፣ የታይሮይድ ሆርሞንና የደም ስኳር ይታያል፤ አንዳንዴም አልትራሳውንድ ይታዘዛል። የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ ተናገሪ፣ ውጤቱን ይሸፍነዋል። ውጤቱ "ኖርማል" ቢሆንም ተስፋ አትቁረጪ፤ የሆርሞን ሕክምና ያኔም ሊሠራ ይችላል። በጥቂት ወራት ውስጥ ድምፅሽ ከጎረነነና ፀጉር በፍጥነት ፊትሽንና ደረትሽን ከሸፈነ ግን ደብተር ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ታዪ።

ሕክምናው እንደ ሰው ይለያያል። ኢስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ እንክብል የአንድሮጅንን ጉልበት ይቀንሳል፤ የደም መርጋት ላለባት ሴት ግን አይሆንም። ስፓይሮኖላክቶን የሚባል መድኃኒትም አለ፤ ነፍሰ ጡር ወይም ለመውለድ ያሰበች ሴት አትወስደውም። ከላይ የሚቀባው ብዙውን ጊዜ አዳፓሊን ነው፣ ማታ ማታ፣ ለመላው ፊት የአተር ፍሬ ያህል። እሱም ለእርግዝና አይመከርም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳሽ ሊላጥ፣ ብጉሩም ሊብስ ይችላል። ብዙዎች የሚያቆሙት እዚህ ላይ ነው፤ ያሳዝነኛል። ለውጥ ለማየት ሦስት ወር ያህል ይፈጃል። በጀመርሽ ቀን መስኮት አጠገብ ፎቶ ተነሺ፣ ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ድገሚው።