ሚኒሶታ ላይ ገንዘብ ሲያጥር ለልጆች ምን እናድርግ?

ሴንት ፖል ነው የምንኖረው። አንድ የበረዶ ወቅት የባለቤቴ የሥራ ሰዓት ተቀነሰ። ኪራይ ስንከፍል ለወተት አልተረፈንም። ትልቋ ልጄ "ጠግቤያለሁ" እያለች እራቷን ለወንድሟ ስትሰጥ አየሁ። እርዳታ የጠየቅኩት ያኔ ነው። እናንተ እስከዚያ አትቆዩ።

መጀመሪያ የእርዳታ መረጃ ወደሚሰጠው ስልክ ቁጥር 211 ደውሉና አስተርጓሚ ጠይቁ። ለምግብም ለኪራይም የት እንደምትሄዱ ይነግሯችኋል።

ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ ወይም ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ለዊክ (WIC) አመልክቱ፤ ለእናቶችና ለትናንሽ ልጆች የሚሰጥ የምግብ እርዳታ ነው። ወተት፣ እንቁላልና ፍራፍሬ ይሸፍናል።

ብዙዎቻችን የምንተወው የትምህርት ቤቱን የገቢ ቅጽ ነው። ከ2023 ጀምሮ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁርስና ምሳ ለተማሪ ሁሉ ነፃ ሆኗል። እኔም "ታዲያ ቅጹ ምን ያደርጋል?" ብዬ ትቼው ነበር። ተሳስቻለሁ። ቅጹ ትምህርት ቤቱ ተጨማሪ በጀት እንዲያገኝ ሊረዳ ይችላል። ለልጆቻችሁም የክፍያ ቅናሽ ሊያስገኝ ይችላል። እባካችሁ ሙሉት።

ገቢያችሁ ትንሽ ቢሆንም ታክስ ፋይል አድርጉ። የስቴቱ የልጆች ታክስ ክሬዲት በ2023 ሲጀመር ለአንድ ልጅ እስከ 1,750 ዶላር ነበር። የምትከፍሉት ግብር ባይኖርም ይሰጣል። ለሚሞላላችሁ ሰው ገንዘብ አታውጡ፤ ቪታ (VITA) የሚባለው የታክስ መሙያ አገልግሎት ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው በነፃ ይሠራል።

የሚመጣላችሁን ደብዳቤ ሁሉ በዚያው ቀን ክፈቱ። እኔ አንዱን መሳቢያ ውስጥ ረስቼው የምግብ ካርዳችን ተቋረጠ። አሁን መልስ የምንሰጥበትን የመጨረሻ ቀን በቀይ አክብቤ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፋለሁ።