ማታ ለሚወጣ ልጅ መብራት ያለው ስሊፐር፣ እንዴት ልምረጥ እንዴት ልያዘው ለምትሉ

እኛ ግቢ ሽንት ቤቱ ጥግ ላይ ነው፣ ከቤት በር እስከዛ ሀያ ምናምን እርምጃ ይሆናል፣ መሀል ላይ ደሞ ሁለት የድንጋይ ደረጃ አለ። አምና ክረምት መብራት ጠፍቶ ሚጣዬ እኔን ሳትቀሰቅስ ወጥታ ደረጃው ላይ ወደቀች፣ ገና 5 አመቷ ነው፣ አገጯ ተሰንጥቆ ተሰፋች። ከዛ ቀን ጀምሮ ነው መብራት ያለው ስሊፐር ፍለጋ የገባሁት፣ እስካሁን ሶስት ገዝቻለሁ፣ ሁለቱ አልሆኑም፣ እናንተም ብራችሁን እንዳታባክኑ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ፣ ሱቅ ስትገቡ "መብራት አለው" የሚሏችሁ ሁለት የተለያየ ነገር ነው። አንደኛው ሲረገጥ ተረከዙ ላይ ብልጭ ድርግም የሚለው ነው። ሶሉ ውስጥ ትንሽዬ ስፕሪንግ አለች፣ ልጁ ሲረግጥ ትነቃነቅና አጠገቧ ካለው ብረት ጋር ትነካካለች፣ ያኔ ይበራል፣ ልጁ ቆም ሲል ይጠፋል። ይሄ ልጁ ለባጃጅና ለመኪና እንዲታይ ያደርጋል እንጂ ለራሱ መንገድ አያሳየውም፣ የኔዋማ እሱን አድርጋ ስትሄድ ተረከዟን እየዞረች እያየች ግድግዳ ልትገጭ ነበር። ሁለተኛው ጣቱ ጋ እንደ መኪና የፊት መብራት ወደፊት የሚያበራ ነው፣ ለግቢም ለሰፈር መንገድም የሚሆነው እሱ ነው። ክሮክስ አይነት ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ስሊፐር ካላችሁ ደሞ አዲስ መግዛት የለባችሁም፣ ቀዳዳው ላይ የሚሰካ ጥንድ መብራት ለብቻው ይሸጣል፣ ይሄ እንደውም ይሻላል ባይ ነኝ ምክንያቱም ልጁ ሲያድግ ነቅላችሁ ሌላው ጫማ ላይ ትሰኩታላችሁ።

እግር ላይ ያለ መብራት አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ስልካችንን ከላይ ወደታች ስናበራ ድንጋዩም ጉድጓዱም ጠፍጣፋ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ከመሬት አጠገብ ሲበራ ግን ትንሿ ጠጠር ሳትቀር ረጅም ጥላ ትጥላለች፣ ኮብልስቶኑ የተነቀለበት ቦታ ደሞ ጥቁር ብሎ ይለያል። የኛ ከተማ ቁልቁለትና ዳገት ነው፣ ደረጃው ያልተስተካከለበት ሰፈር ይሄ ነገር በጣም ነው የሚረዳው።

ስትገዙ እንዲህ ሞክሩት። ልጁን አስጫሙትና ሱቁ ውስጥ ጨለም ያለ ጥግ ፈልጉ፣ ብርሃኑ ከልጁ ጣት ሁለት ሶስት እርምጃ ወደፊት መሬቱ ላይ ማረፍ አለበት። የራሱን ጣት ብቻ ካበራ አይረባም፣ ወደላይ ወጥቶ ዓይን ውስጥ የሚገባ ከሆነም ከፊት የሚመጣውን ሰው ያሳውራል። ማብሪያ ማጥፊያውን ልጁ ራሱ ይጫነው፣ ጣቱ ካልቻለ ለሊት ላይ እናንተን መቀስቀሱ አይቀርም። ከኋላ ተረከዙን የሚይዝ ማሰሪያ የሌለውን አትግዙ፣ ሲሮጥ ይወልቃል። "ያድግበታል" ብላችሁም ሁለት ቁጥር አስበልጣችሁ አትግዙ፣ ቁልቁለት ላይ እግሩ ወደፊት ይንሸራተትና ነው የሚደፋው፣ የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ትርፍ በቂ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ባትሪው ነው፣ እዚህ ጋ አደራ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ብዙዎቹ ውስጥ ያለው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነ ባትሪ ነው። ሁለተኛው የገዛሁት ስሊፐር የባትሪ ክዳኑ ብሎን አልነበረውም፣ እንዲሁ በጥፍር ነበር የሚከፈተው፣ አንድ ቀን ጠዋት አልጋ ሳነጥፍ ባትሪዋን አንሶላው ላይ አገኘኋት፣ ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው። ልጅ ይሄን ባትሪ ከዋጠና ጉሮሮው ላይ ከተቀረቀረ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ሊያደርስ ይችላል፣ ስለፈሰሰ ሳይሆን እርጥበቱ ሁለቱን ጎን ስለሚያገናኘው ኤሌክትሪክ አልፎ ስጋውን ስለሚበላው ነው። መብራቱን ማብራት ያቃተው ያለቀ ባትሪ እንኳን ይሄን ያህል ጉልበት አይጠፋውም። ስለዚህ ክዳኑ በካቻቢቴ ብቻ የሚከፈት መሆኑን ሳታዩ ብር አትክፈሉ፣ ጭራሽ የማይከፈትና በኬብል ቻርጅ የሚደረግ ካገኛችሁ ደሞ እሱን ውሰዱ። ያለቀውን ባትሪ በሁለቱም ጎን ፕላስተር ለጥፋችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አድርጉት።

ዋጠ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ሳል እስኪጀምረው ምራቁ እስኪዝረበረብ አትጠብቁ፣ ምልክት የማያሳይም አለ፣ ቀጥታ ቅርባችሁ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሩጡ፣ ራጅ ነው የሚለየው። እንዲያስመልሰው አታድርጉ፣ ምግብም አትስጡት። ማር ቤታችሁ ካለ፣ ልጁ ከ1 አመት በላይ ከሆነና ከዋጠ 12 ሰዓት ካልሞላው፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ እየሄዳችሁ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ማር ስጡት፣ እስከ 6 ጊዜ። ማር ጉዳቱን ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም፣ ማር ፍለጋ ብላችሁም ደቂቃ አታጥፉ። ከ1 አመት በታች ለሆነ ህፃን ግን ማር አይሰጥም።

ቻርጅ የሚደረገውን በቀን ዓይናችሁ እያየ ቻርጅ አድርጉት፣ ፍራሽ ላይ ወይ ብርድ ልብስ ስር አታድርጉት። መብራት ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ስለማይታወቅ በመጣ ቁጥር መሰካት ለምዶብኛል።

ክረምት ላይ ጭቃ ከገባበት ባትሪውን አውጡና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ስር አድርቁት። ከሰል ምድጃ ጋ ያስጠጋች ጎረቤቴ ሶሉ ተላቆ ቀረ። የባትሪው መቀመጫ ላይ ያለው ብረት ነጭ ወይ አረንጓዴ ነገር ካወጣ ሎሚ በነካ ጨርቅ አሽታችሁ በደንብ ሲደርቅ መልሱት።

መንገድ ስትወጡ ግራችሁን ይዛችሁ መኪናው ከፊት እየመጣ ሂዱ፣ ልጁን ከአስፋልቱ በራቀው በኩል ያዙት። ስሊፐሩ ከፊት ስለሆነ የሚያበራው ከኋላ ለሚመጣ አይታይም፣ እኔ ተረከዙ ላይ የሚያንጸባርቅ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ፣ መቀስና አምስት ደቂቃ ነው የሚፈልገው። ለሊት የጅብ ድምፅ ለሚሰማበት ሰፈር ደሞ ይሄ ጅብም ውሻም ያባርራል ብላችሁ ልጅ ብቻውን እንዳትለቁ፣ እባካችሁ።

ለከተራ ጥር 10 ማታ ግን ስሊፐር አታድርጉለት፣ በዛ ግፊያ ውስጥ እግር ስር ያለ መብራት ማንም አያየውም፣ ጣቱም ይረገጣል፣ ድፍን ጫማ ነው የሚሻለው። ለሰፈር ቤተክርስቲያን ሲሆን ግን ጥሩ ነው፣ በር ላይ ስታወልቁ ማጥፋት እንዳትረሱ፣ ሲወጡ እኛ በጨለማ ጫማ ስናገላብጥ ሚጣ አጎንብሳ የሷን አብርታ የኔንም ፈልጋ ትሰጠኛለች።