ገና ምን ያውቃል? የአሳማ ግልገል ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

የአሳማ ግልገል እንደ ቡችላ ዓይኑን ጨፍኖ አይወለድም። በደቂቃዎች ውስጥ ቆሞ፣ እየተንገዳገደ፣ የእናቱን ሆድ ተከትሎ ጡት ይፈልጋል። ጀማሪው አርቢ ይህን እያየ እንኳ «ገና ምን ያውቃል?» ይላል። እኔን የሚያናድደኝም ይህቺ ንግግር ናት።

በተለይ ግልገሎችን እንደ ዕቃ ከእናት እናት ማዘዋወር! ልጆቹ በተወለዱባቸው ቀናት በጡት ይጣላሉ። ስለታም ጥርስ ይዘው ስለሚወለዱ ፊታቸው ይቧጨራል። ቀስ በቀስ ግን እያንዳንዱ የራሱን ጡት ይይዛል፤ ሁልጊዜም ወደዚያው ይመለሳል። ታዲያ ሳምንት ሊሞላው ሲል አንዱን አንስታችሁ ሌላዋ ዘንድ ስትጥሉት ምን ይዋጠው? ጡቱ ሁሉ ባለቤት አለው። ወተቱም ቢሆን ዝም ብሎ አይፈስም። እናትየው የምታጠባው በሰዓት አንዴ ገደማ ነው። ድምፅዋ ፈጠን ፈጠን ሲል ወተቱ ይወርዳል፤ 20 ሰከንድ ያህል ቆይቶ ያበቃል። እንግዳው ገና ሲጋፋ ሌሎቹ ጠጥተው ጨርሰዋል።

እኔም ሠርቼዋለሁ። እኩል ይደጉ ብዬ በመጠን በመጠናቸው ለይቼ ለእናቶቹ አከፋፈልኳቸው። በማግስቱ ስመጣ የብዙዎቹ ጉንጭ ተቧጭሯል፤ አንዱ ሆዱ ገብቶ ጥግ ላይ ቆሟል። ማዘዋወር ግድ ከሆነ እንገር (ከወሊድ በኋላ የሚወጣውን የመጀመሪያ ወተት) ከጠቡ በኋላ፣ በተወለዱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይጠናቀቅ።

እንገር ስል፦ ግልገሉ ከማህፀን በሽታ መከላከያ ይዞ አይወጣም። የሚያገኘው ከእንገሩ ነው፤ አንድ ቀን ካለፈ አንጀቱ አይቀበለውም። በዚህ ቀልድ የለም።

«እናቱ ሥር ገብቶ ተጨፈለቀ፣ ሞኝ ነው» የሚሉም አሉ። በርዶት ነው እንጂ! አዲስ የተወለደ ግልገል ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ እናትየው ግን በዚያ ሙቀት ትጨነቃለች። ቤቱን ሁሉ አታሙቁ። ከጎኗ፣ እሷ የማትደርስበት ጥግ ላይ አምፖልና ጭድ አድርጉለት፤ ራሱ ያገኘዋል።

ጋጣውን አታጥብቡ። ግልገል በቀናት ዕድሜው ከመኝታው ራቅ ብሎ መጸዳዳት ይጀምራል፤ ቦታ ከልክሎ «ቆሻሻ» ማለት ነውር ነው።

ደግሞ በአንድ እግሩ አንጠልጥላችሁ አታንጫጩት፤ ይረሳል ብላችሁ እንዳትሸወዱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ለአሳማ ግልገሎች መስታወት ሰጧቸው። አምስት ሰዓት ብቻ ከተለማመዱት 8 ውስጥ 7ቱ በመስታወቱ ያዩትን ምግብ ፊት ለፊት አልፈለጉም፤ ከግርዶሹ ጀርባ ዞረው አገኙት። ታዲያ እንዲህ ያለ ፍጡር የያዘውን እጅ ይረሳል?

የብረት ማዕድን (አይረን) መርፌ የምወጋቸው ሰማያዊ ቱታ ለብሼ ነበር። አንድ ቀን በዚያው ቱታ ጭድ ይዤ ብገባ፣ ሌላ ጊዜ ጫማዬን የሚነክሱት ሁሉ ግድግዳ ተደግፈው ተፋፈጉ። ቱታውን አውልቄ ተመልሼ እስክገባ ድረስ አንዱም ንቅንቅ አላለም።