ጊታር ስትይዙ የግራ አውራ ጣታችሁ የት ይረፍ?

ጎንደር ያደገ ሰው ጊታር ከመንካቱ በፊት ማሲንቆ ሲገዘገዝ አይቷል። ሰርግ ላይ፣ አዝማሪ ቤት፣ ጥምቀት ሲሆን ደግሞ በየመንገዱ። ስለዚህ ጊታር የያዘ ዕለት እጁ ሳያስበው ያንኑ አያያዝ ይከተላል፣ አንገቱን በመዳፉ ጭብጥ ያደርገዋል። ማሲንቆ ላይ ይሄ ያስኬዳል። ክሩ ከእንጨቱ ራቅ ብሎ ስለሚወጠር ጣት ነካ ያደርገዋል እንጂ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም። ጊታር ላይ ግን ክሩን ፍሬቱን (አንገቱ ላይ አግድም የተሰካውን ቀጭን ብረት) እስኪነካ መጫን አለባችሁ፣ ያውም ሁለት ሦስት ክር በአንዴ፣ ያውም ጎረቤቱን ክር ሳትነኩ። መዳፋችሁ አንገቱ ላይ ከተለጠፈ ጣቶቻችሁ መታጠፊያ ቦታ ያጣሉ። ኤ ማይነር የሚባለውን ኮርድ (ኮርድ ማለት በአንዴ የሚመቱ ድምፆች ናቸው) ስትመቱ ቀጭኑ 1ኛ ክር ታፍኖ «ጥፍ» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ ነው።

መነሻው እንዲህ ነው። መጀመሪያ የግራ እጃችሁን ወደ ታች ልቀቁት፣ ፈታ ይበል። ጣቶቻችሁ በራሳቸው ትንሽ እጥፍ ብለው፣ አውራ ጣት ከጠቋሚና ከመሃል ጣት ፊት ለፊት ሲሆን ታያላችሁ። ያንን ቅርጽ ሳታበላሹ አንገቱ ላይ አምጡት። አውራ ጣቱ ከአንገቱ ጀርባ ይረፍ፣ ከመሃሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከጠቋሚና ከመሃል ጣት ትይዩ። የሚያርፈው ሥጋማው የጣቱ ሆድ ነው። አቅጣጫው ወደ ላይ፣ ወደ ጣሪያው። በአንገቱ ርዝመት ተጋድሞ ወደ ማስተካከያ ቁልፎቹ የሚያመለክት ከሆነ ትንሿ ጣታችሁ ሩቅ ክር ላይ መድረስ ያቅታታል። በመዳፋችሁና በእንጨቱ መካከልም እስክሪብቶ የሚያሳልፍ ክፍተት ይኑር።

አሁን ዋናው ነገር። አውራ ጣት ደጋፊ ነው፣ ጨማቂ አይደለም። ብዙ ሰው ኮርዱ አልጠራ ሲለው አውራ ጣቱን ከኋላ እየጫነ ይጨምቃል፣ ከዚያ እጁ ይደርቃል፣ ከዚያ ኮርድ መቀየር ዳገት ይሆንበታል፣ ከዚያ «እጄ ለጊታር አልተፈጠረም» ይላል። ጉልበቱ መምጣት ያለበት ከክንድ ነው። ሞክሩት፦ ሲ ሜጀር ያዙ፣ በቀኝ ክንዳችሁ የጊታሩን አካል ወደ ደረታችሁ ደገፍ አድርጉ፣ የግራ ክንዳችሁን ወደ ኋላ ሳብ አድርጉና አውራ ጣታችሁን ከአንገቱ አንሱት። ኮርዱ አሁንም ይሰማል። አሪፍ ባይሆንም ይሰማል። ከዚያ አውራ ጣቱን መልሱና ዝም ብሎ ይረፍ። ጣታችሁን ፍሬቱ አጠገብ፣ ከኋላው ጠጋ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት ደግሞ የሚያስፈልገው ጉልበት ይቀንሳል። መጀመሪያ ሰሞን የጣት ጫፍ ቢያም ያለ ነው፣ ቆዳው ይጠነክራል። የአውራ ጣት ሥርና አንጓ ሲያም ግን አቁሙ፣ እየጨመቃችሁ ነው ማለት ነው።

«አውራ ጣት ከፊት በኩል ፈጽሞ መታየት የለበትም» የሚሉ አስተማሪዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ሕጉ የመጣው ከክላሲካል ጊታር ነው። የእሱ አንገት ሰፊ ነው፣ ክሮቹ ጭንቅላቱ ጋ በሚያርፉበት ቦታ 52 ሚሊሜትር አካባቢ። የብረት ክር ያለው አኩስቲክና ኤሌክትሪክ ጊታር ግን 43 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ እዚያ ላይ አውራ ጣት ብቅ ቢል ምንም አይደለም። እንዲያውም ዲ ሜጀር ላይ ይጠቅማል። ወፍራሙ 6ኛ ክር በዚህ ኮርድ መጮህ የለበትም፣ ስለዚህ የአውራ ጣታችሁን ጫፍ ከላይ አሻግራችሁ ነካ ብታደርጉት ይታፈናል፣ ቀኝ እጃችሁም ሳይጨነቅ ስድስቱንም ክር ይመታል።

ኤፍ ኮርድ ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ባሬ ስትይዙ፣ ማለትም ጠቋሚ ጣታችሁን በክሮቹ ላይ አጋድማችሁ ስትጫኑ፣ አውራ ጣቱ ወደ ታች ይውረድ፣ የአንገቱ ጀርባ መሃል ላይ፣ ከጠቋሚ ጣት ትይዩ። ክርናችሁን ወደ ጎናችሁ ጠጋ አድርጉ። ጠቋሚ ጣታችሁን ደግሞ በአውራ ጣት በኩል ወዳለው ጎኑ ትንሽ አዙሩት፣ አጥንቱ ይበልጥ ይጫናል። ብዙ ሰው የማያስተውለው ግን ይሄ ነው፦ ጠቋሚ ጣት ስድስቱንም ክር እኩል መጫን አያስፈልገውም። 3ኛውን፣ 4ኛውንና 5ኛውን ሌሎቹ ጣቶች ይዘውታል። ስለዚህ 6ኛው፣ 2ኛውና 1ኛው ከጠሩ በቂ ነው። አውራ ጣትን ከላይ አሻግሮ 6ኛውን ክር 1ኛ ፍሬት ላይ በእሱ መጫንም ይቻላል፣ ጂሚ ሄንድሪክስ በዚህ ይታወቃል (ግራኝ ስለነበረ የእሱ የቀኙ አውራ ጣት ነው)። እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ግን ከዚህ ጋር ባይታገል ይሻላል።

ጣታችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት ጊታሩንም እዩት። 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩ ከፍሬቱ 4 ሚሊሜትር በላይ ከራቀ የትኛውም አያያዝ አያድናችሁም፣ ለሚያውቅ ሰው ሰጥታችሁ ዝቅ አስደርጉት። ቆማችሁ ስትጫወቱ ማንጠልጠያውን አታስረዝሙት። ጉልበት ድረስ የወረደ ጊታር ፎቶ ላይ ያምራል፣ አንጓን ግን ይሰብራል። ተቀምጣችሁ ስትይዙት ባለው ከፍታ ላይ ይሁን።

ለልምምድ የትዝታን ቅኝት ተጠቀሙ። በሲ የተነሳ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ ሲ ሜጀርና ኤ ማይነር ሙሉ በሙሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። በሁለቱ መካከል የምትንቀሳቀሰው የቀለበት ጣት ብቻ ናት፣ ከ5ኛው ክር 3ኛ ፍሬት ወደ 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት። አውራ ጣት ንቅንቅ ማለት የለበትም። ሜትሮኖም (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጉና እያንዳንዱን አራት አራት ምት ያዙ። እሱ ሲለምድ በኤ ወደ ተነሳ ትዝታ ማይነር እለፉ፦ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ። እዚህ ኤ ማይነርና ኤፍ ይፈራረቃሉ፣ አውራ ጣቱም በየአራት ምቱ ከላይ ወደ መሃል መውረድና መመለስ አለበት። መውረዱን ከጣቶቹ ቀድሞ ይጀምር። ጣቶቹ ኤፍ ላይ ካረፉ በኋላ አውራ ጣት ቦታ መፈለግ ከጀመረ ዘግይቷል፣ ሜትሮኖሙን ወደ 50 አውርዱት። በክረምት ጠዋት ደግሞ፣ የጎንደርን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ በቀዘቀዘ እጅ ባሬ አትጀምሩ። ሻይ የያዘ ብርጭቆ ይዛችሁ ጣታችሁን አሙቁና ከኤ ማይነር ተነሱ።